ያልወለደች በግ እናት ናት ወይ?

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ደብረ ብርሃን።

የኅዳር መጨረሻ ውርጭ የመኪናውን መስታወት በነጭ አመዳይ ሸፍኖታል። ሾፌራችን ታደለ ለብ ባለ ውሃ የነከረውን ጨርቅ እያሻሸ ይራገማል።

«ይቺ መኪና እንደ ደብረ ብርሃን ሴት ናት፤ ፀሐይ ሳይወጣላት አትነሳም።»

«የደብረ ብርሃኗ ሴት ይኸው ከአሥር ሰዓት ጀምራ ቆማ ትጠብቅሃለች» አልኩት። ሳቀና በሩን ከፈተልኝ።

ሦስት ሰዎችና አንድ ሰማያዊ ሳጥን ነን። ሳጥኑ በረዶ የተሞላ ነው፤ በረዶው ውስጥ የክትባት ብልቃጦች አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሰሎሞን እንደ ክርስትና ልጅ ጭኑ ላይ አቅፎታል። እውነቱን ለመናገር ወደ ግሼ የሚሄደው ሳጥኑ ነው፤ እኔ ትርፍ ነኝ።

እኔ የዝተትና የባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ነጋዴ ነኝ። የግሼ ሴቶች የፈተሉትን የበግ ጠጉር እየገዛሁ ለሸማኔ እሰጣለሁ። መንገዱን ስለማውቀው፣ ሴቶቹንም በየስማቸው ስለምጠራቸው ዶክተሩ «አብረውን ይምጡ» አለኝ። ሌላም ምክንያት ነበረው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይነበባል። የእሱን እንኳን ገበሬ መድኃኒት ቤትም አይፈታው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቄ መጥቶ ማስታወቂያ አስጽፎኝ ነበር፤ ወደ ቀበሌዎቹ ተልኮ ከቅዳሴ በኋላ የሚነበብ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ግልገል ተወልዶ፣ ቆሞ፣ ጠብቶ፣ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ሆዱን ይቀዝነውና ሳይመሽ ይሞታል። በዓይን የማይታይ፣ ከአፈርና ከእበት የሚገባ ባክቴሪያ ነው። ግልገሉን እወጋለሁ ቢሉ አይደርሱለትም። የምትወጋው እናቱ ናት፤ እሱ ገና በሆዷ ሳለ።

«እርጉዝ በጎቻችሁን፣ ሊወልዱ አንድ ወር ገደማ የቀራቸውን አምጡ ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ።

ብዕሬን ይዤ አሰብኩ። የገበሬን ልብ አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። እርጉዝ በግህ መርፌ ትወጋ ብትለው «ሊያስጨነግፏት ነው» ብሎ ጓዳ ይደብቃታል።

«ዶክተር፣ እርጉዝ የምትለዋ ቃል ታስደነግጣቸዋለች። እስቲ እኔ ላሳምራት» አልኩት። እንዲህ ብዬም ጻፍኩ፦ «እናት በጎቻችሁን ለልጆቻቸው ስትሉ አስወጉ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ እኮ ሰባኪ መሆን ነበረብዎ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ሦስት ሰዓት። ጣርማ በር።

ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን ውጦታል። ታደለ መብራት አብርቶ በሁለተኛ ማርሽ ይድሃል። ዋናው መንገድ ወደ ዋሻው ሲቀጥል እኛ ወደ ግራ፣ ወደ መንዝ ታጠፍን፤ ከመታጠፋችን በፊት ግን ሻይ ጠጣን። አንዱ ብርጭቆ ሃምሳ ሳንቲም፣ ዳቦው ሰባ አምስት። ሻይ ቀጂዋ ጉንጮቿ በብርድ ተሰነጣጥቀው ቀልተዋል። ሳጥኑን አይታ «ዓሣ ነው? ጾም አይደል እንዴ?» አለች። ዶክተሩ መድኃኒት መሆኑን ነገራት።

«ለመሆኑ» አለ ታደለ ሻዩን እያማሰለ፣ «እናቲቱ ተወግታ ልጁ የሚድነው በምን ተአምር ነው?»

«በእንገር» አለ ዶክተሩ። «መርፌው ደሟን ያስተምረዋል፤ ደሟ መከላከያ ይሠራል። በግ ግን እንደ ሰው አይደለችም፤ በሆዷ ሳለ ለልጇ አታሳልፍለትም። የምትሰጠው በወለደች በመጀመሪያው ቀን፣ በዚያች ቢጫ ወፍራም ወተት ነው። ግልገሉ ተወልዶ ወዲያው እንገሩን ከጠባ ታጠቀ ማለት ነው። አንድ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል።»

«የምን በር?»

«የአንጀቱ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ ወተት ብቻ ነው።»

«ተው እንጂ! እኔ ስንት የላም እንገር በልቼ አንድ ቀን ሳልታጠቅ ቀረሁ!»

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሠላሳ።»

«በሩ ተዘግቶ ነዋ» አለና ሁላችንም ሳቅን።

እኔም የማወቅ ፍላጎቴ ተነስቶ «ከወለደች በኋላ ብትወጋስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለዘንድሮው ግልገል ምንም አይፈይድም። መርፌው እስኪሠራ እንገሩ ያልቃል።»

ሰማሁ። በደንብም ገባኝ። በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ግን ትዝ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ። በሞላሌ አልፈን መሐል ሜዳ።

ከመዘዞ በኋላ አገሩ ይዘረጋል። የጓሳ ሣር፣ አስታ፣ ብቻውን የቆመ ጅብራ። የድንጋይ ቤቶቹ ከኮረብታው ድንጋይ አይለዩም፤ ጭሳቸው ባይታይ ሰው ይኖርባቸዋል አይባልም። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ባናቸውን የተከናነቡ ወንዶች አውድማ በእበት ይለቀልቃሉ፤ ሴቶቹ ገበያ እየሄዱ እግረ መንገዳቸውን ይፈትላሉ። በየሜዳው ደግሞ በግ ነው፤ ጥቁር፣ ቡላ፣ ዳለቻ። የመንዝ ሰው ከብርዱ ጋር የታረቀው በበግ አማላጅነት ነው።

ሞላሌ አጠገብ ጎማ ፈነዳ። ታደለ ክሪኩን አውጥቶ መሬት ላይ ሲንበረከክ እኔና ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቤቷ የማርፍባትን ሴት ነገር አነሳሁለት።

አያልነሽ ትባላለች። የምሸጠውን ባና ጠጉር ከማንም በላይ አቅጥና የምትፈትልልኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተባት አምስት ዓመቷ ነው። አምስት በጎች አሏት፤ «አሏት» ካልን። የርቢ ናቸው።

«ርቢ ምንድን ነው?» አለኝ ዶክተሩ። የከተማ ልጅ ነው።

«እናቲቱ የባለቤቱ ናት። ጠባቂዋ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ ታዋልዳለች። የሚወለደውን ለሁለት ይካፈላሉ። ግልገል ከሞተ ግን ባለቤቱ እናቲቱ አለችለት፤ የጠባቂዋን ድካም ውሃ በላው።»

አያልነሽ ሁለት ዓመት በተከታታይ ግልገል አልቆመላትም። አንዳቸውም ሳምንት አልሞሉ። የበጎቹ ባለቤት፣ የመሐል ሜዳው ነጋዴ ጋሼ ደምሴ «እጇ አይረባም» ማለት ጀምረዋል። ከከተማ ለምታነቡኝ ልንገራችሁ፤ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። አገሩ እጅ ያምናል። የሚያረባ እጅ አለ፣ የሚያደርቅ እጅ አለ። እጇ አይረባም የተባለች ሴት በግ አይሰጧትም፤ ጎረቤት ዶሮ ስታሳቅፍም «እሷ እንዳትነካው» ይባላል። ዘንድሮ አራቱ በጎች አርግዘዋል፤ አምስተኛዋ ሌላ ጠባቂ ዘንድ ወልዳ ከነጠቦቷ በቅርቡ የመጣች ናት። ጋሼ ደምሴም «ከገና በፊት ግልገል ቆሞ ካላየሁ በጎቼን እነዳለሁ» ብለዋታል።

ዶክተሩ ሳጥኑን መታ መታ አደረገው። «አራቱም ከተወጉ ግልገሎቹ የመቆም ዕድላቸው ሰፊ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የአፈሩ እንጂ የእጇ አለመሆኑን ሰው ሁሉ ያያል።»

መሐል ሜዳ ስንደርስ አቶ ሽፈራው ተቀበሉን። የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ባርኖስ ለባሽ። ሃያ ሰባት ዓመት በግ ወግተዋል፤ ለጡረታ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ዶክተሩ ብልቃጦቹን ለሁለት ከፈለ። እሱ በመኪናው ወደ ዘመሮ በኩል ወዳለው ቀበሌ ሊሄድ፣ አቶ ሽፈራው ደግሞ ከእኔ ጋር ወደ አያልነሽ ቀበሌ። በማግስቱ ጠዋት በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲወጋ የታቀደው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ። ከራቤል ወዲህ፣ ስሟን የማልጠራት ቀበሌ።

ቅጥቅጡ አውቶብስ ከንጋቱ በፊት ተነሳ። ሰው በሰው ላይ፣ ዶሮ በሰው ላይ፣ ሳጥናችን በአቶ ሽፈራው ጭን ላይ። ከወረድንበት ቀበሌው የላከው በቅሎ ይጠብቅ ነበር። አቶ ሽፈራው ሳጥኑን አስጭነው ወጡበት።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በረዶው ሰው አይጠብቅም» ብለው ቁልቁል ሄዱ።

እኔ የጨውና የሳሙና ቋጠሮዬን ይዤ በእግሬ ቀጠልኩ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ግን እናንተም ታውቁኛላችሁ፣ ወሬ ይጥለኛል። አንዷ ደጅ ላይ ስለ ልጇ ሠርግ፣ ሌላዋ ደጅ ላይ ስለ ጭላዳው፣ ገብሷን እንዴት እንደጨረሰው፣ እየቆምኩ ሳዳምጥ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሆነ። መንገዱ መጀመሪያ የሚደርሰው አያልነሽ ቤት ነው፤ የሚወጋበት የቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ከሥሩ ነው።

ደጇ ሰው የለበትም። «ቤቶች!» ብል መልስ የለም። ጉረኖው ውስጥ ሳይ ግን አራት በጎች ተኝተው ያመሰኳሉ። ጎናቸው እንደ ሙሉ አቁማዳ ተነፍቷል፤ አንዷ ለመነሳት ስትታገል ሁለቴ ወደቀች። ተራቸው አልደረሰ ይሆናል አልኩ።

በዚህ መሃል አያልነሽ አንዲት በግ እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። ከበጓ ኋላ የሁለት ወር ጠቦት ይዘላል።

«ሙሉዬ! መጣሽልኝ! አስወጋኋት እኮ! ሌሊት ወርጄ ሦስተኛ ሆኜ!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ፊቷ በርቷል። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እነዚህስ?» አልኳት።

«እነዚህ ምን?»

«አራቱ፣ አያል። አራቱን ለምን አልወሰድሻቸውም?»

ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! እነዚህ መች ወለዱ? እናት አምጡ ነው የተባለው። ቄሱ ሁለቴ ነው ያነበቡልን፤ እናት በጎቻችሁን ለልጆቻቸው ስትሉ ብለው። ያልወለደች በግ እናት ናት ወይ? ልጇስ የታለ?»

ቋጠሮዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ያደረገው?»

«አዎና። ሁሉም የወለዱትን ይዞ ወረደ። እርጉዞቹንማ ገደሉ እንዳይጥላቸው ብለን ዘጋንባቸው።»

ነገርኳት። መርፌው ለማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው። ትኩር ብላ አየችኝና የጉረኖውን በር ከፈተች።

አራቱን እየነዳን ቁልቁል ወረድን። እርጉዝ በግ በገደል መንገድ ምን ትሮጣለች? ሁለቱን እሷ ከፊት ትጎትታለች፣ ሁለቱን እኔ ከኋላ እገፋለሁ። አንዷ ተንበርክካ እምቢ አለች። አያልነሽ አጎንብሳ እጇን ከሆዷ ሥር አስገብታ አነሳቻት።

«እርጉዟን አምጪ ብትይኝ በጀርባዬ አዝዬ አመጣት ነበር» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«ያስጨነግፋታል ብላችሁ እንዳትፈሩ ብዬ ነው እኮ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የተወለደውን የቀበርኩ ሴት፣ ጭንገፋ ያስፈራኛል?»

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰው እየተበተነ ነው። ጠቦቶች እናቶቻቸውን ያጡ መስሏቸው ይጮኻሉ። አቶ ሽፈራው መርፌያቸውን በፈላ ውሃ ያጥባሉ። ባዶዎቹ ብልቃጦች ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል።

«አቶ ሽፈራው፣ አራት ብቻ!»

አንዱን ብልቃጥ ገልብጠው አሳዩኝ። ጠብታ የለም።

«ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይተው፣ የወለደ በግ ሲያመጡልዎ ምን ነካዎ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አየሁ፣ ወይዘሮ ሙሉ። ጠዋት ሲመጡ አየሁ። ሊቀመንበሩን እርጉዞቹስ አልኩት። ወረቀቱን አወጣና እናት ይላል አለኝ። አምና ሌላ ቀበሌ እርጉዝ ወጋሁ። አንዷ ከገደል ወድቃ ብትጨነግፍ በመርፌው ነው ተባለ፤ ሦስት ቀን ግምገማ ተቀምጬ ግለ ሂስ አወረድኩ። ጡረታዬ ዓመት ቀረው። ወረቀት እናት ካለኝ እናት እወጋለሁ። የጻፈውን ሰው እግዜር ይይለት!»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ሽፈራው ባርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መሬት አዩ። አያልነሽ በጎቿን አዞረች። ዳገቱን ስንወጣ አንድም ጊዜ አላጣደፈቻቸውም።

ረቡዕ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ወንበር አራግፎ ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሠመረ የእቅድ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ የመስኖ ቁፋሮ፣ የእርከን ሥራ፣ የችግኝ ጉድጓድ፣ በመጨረሻው ረድፍ «እናት በግ ክትባት»። አጠገቡ ሪፖርቱ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ደርቋል።

«ሊቀመንበር፣ አንዲት መስመር ብቻ ይጨምሩበት። እርጉዞቹ አልተከተቡም ብለው።»

«እናቴ፣ እቅዱ እናት በግ ነው። እናት በግ ተከትቧል። እንዲያውም ከእቅድ በላይ ነው የሠራነው። አሁን አልተከተበም ብዬ ብጽፍ በግምገማ ምን እባላለሁ? ሕዝቡን አላነቃም፣ አላስተባበረም።»

«እውነቱ ግን…»

«እውነቱን እኮ እርስዎ በገዛ እጅዎ ጽፈው ላኩልን። እኛ ፈጸምን።»

አልተቆጣም፤ እየለመነኝ ነበር። እኔም ከወንበሩ ተነሳሁ። ሪፖርቱ በሚቀጥለው እሑድ ለሕዝብ ይነበባል፤ ግልባጩ ትናንት ማታውኑ በበቅሎ ወደ ወረዳ ሄዷል።

ለምሳ አያልነሽ የገብስ ቂጣና ሽሮ አቀረበች። ሁለት ጎረቤቶች ብቅ ብለው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዘንድሮ እንግዲህ ተገላገልሽ» ብለዋት ሄዱ። እሷም «አሜን» አለች። ምን ትበል? በሩ ሲዘጋ ቂጣውን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች።

«ሙሉዬ፣ መርፌው ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።»

«አትበዪ።»

«ስሚኝ። እስከ ዛሬ ግልገል ሲሞትብኝ ገሚሱ በሽታ ነው ይል ነበር፤ ገሚሱ እጇ ነው ይል ነበር። አሁን በሽታው ተወጋ ተባለ። የቀረው የእኔ እጅ ነው።»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ማንበብ የማታውቀዋ ሴት ከእኔ ቀድማ ሪፖርቱን አነበበችው።

ከመሄዴ በፊት የፈተለችውን ጠጉር አመጣችልኝ። እንደ ሁልጊዜው ቀጭን ነው፤ እኩል ነው። እጇን አየሁት። አውራ ጣቷ በእንዝርት ጠቁሯል፣ መዳፏ ሻክሯል። ይህ እጅ ነው እንግዲህ የማይረባው።

ሐሙስ። መሐል ሜዳ።

ዶክተሩን ሻይ ቤት አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እኔ ዘንድም የወለዱትን ነው ይዘው የመጡት» አለኝ። «መለስኳቸው። እርጉዞቹን አምጡ ብዬ እስኪያመጡ ድረስ በረዶው ላይ ጆንያ አልብሼ ጠበቅኩ። በእኔ በኩል ለእርጉዞቹ ደረሰ። እዚያም ብኖር…»

«ሌላ ብልቃጥ?»

«አልቋል። ቀጣዩ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

የአያልነሽ በጎች ከፋሲካ በኋላ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትወልዳለች። ንጹሕ ገለባ ይነጠፍላቸው፣ ግልገሉ እንደተወለደ እንገሩን ይጥባ፣ የታመመ ይለይ አለኝ። ይህን ሁሉ አያልነሽ አምናም አድርጋዋለች። ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ቅጠል ቀደደና ለጋሼ ደምሴ ጻፈላት፤ አራቱ በጎች እንዳልተከተቡ፣ ግልገሎቹ ቢሞቱ በበሽታ መሆኑን፣ ከነፊርማው።

የጋሼ ደምሴ ሱቅ አውቶብስ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ጨው፣ ጋዝ፣ አቡጀዲ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ሸምገል ያሉ፣ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። አረመኔ እንዳይመስሏችሁ፤ ገና ሲያዩኝ «ነይ፣ ብርዱ አይምታሽ» ብለው ከባንኮው ኋላ በርጩማ ሰጡኝ።

«ሰማሁ» አሉ፣ ሳልጀምር። «ሊቀመንበሩ ወረዳ ሲልክ እኛም ጆሮ አለን። እናት በጎቹ በሙሉ ተወግተዋል። ተመስገን ነው። ከእንግዲህ ግልገል ቢሞት ምክንያት የለም።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ አራቱ አልተወጉም» አልኩና ከወረቀቴ ጀምሬ እስከ ባዶው ብልቃጥ ነገርኳቸው። የዶክተሩን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት።

«ይሄ አማርኛ ነው?»

«ይስጡኝ፣ ላንብብልዎ።»

አነበብኩላቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይህንን የምታነቢልኝ አንቺ። ያኛውንም የጻፍሽው አንቺ። ለባልንጀራሽ ብለሽ ዛሬ ቃል ብታዞሪ አልፈርድብሽም፤ እኔም አደርገው ነበር። ግን እኔ የትኛውን ወረቀት ልመን? ማኅተም ያለበትን ነዋ።»

«ሌላ አንድ ዓመት ይተዉላት።»

«ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ልጄ። አራት ግልገል ቆሞ ታሳየኝ፣ እሰየው፣ እጇን እስማለሁ። አለዚያ ከገና በፊት እናቶቼን እነዳለሁ።»

እናቶቼ አሉ። በዚያ ሁሉ አገር ያልወለዱትን አራት በጎች እናት ብሎ የጠራቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። በርቢ ደንብ ባለቤት ያለው በግ ሁሉ እናት ነው፤ ይውለድ አይውለድ። እኔ ቃሉን የጻፍኩት እንደ ባለቤቱ ነበር፤ የሰማችኝ ግን አዋላጇ ነበረች።

ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ደብረ ብርሃን።

በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን። ዶክተሩ ባዶውን ሳጥን እግሩ ሥር አድርጎት አንቀላፋ። ታደለ ጣርማ በር ላይ «እትዬ ሙሉ፣ ዛሬ ምን ሆነው ዝም አሉ? መኪናው እንኳ ደነገጠ» አለኝ። ሻይ ልጋብዝዎ ብሎ ሊያቆም ሲል አልፈልግም አልኩት። ጉሙ ስንሄድ በነበረበት ቦታ ላይ ነበር።

ሱቄን ከፍቼ የአያልነሽን ፈትል መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ሳላርፍ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ ስጽፍላችሁ ነገር አሳምራለሁ፤ እናንተም ታመሰግኑኛላችሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። ይህን ግን የምጽፈው ለእናንተ ብቻ አይደለም። ጋሼ ደምሴ ይህን ጋዜጣ ይከታተላሉ፤ ሱቃቸው ውስጥ ተነባብሮ አይቼዋለሁ። በግሼና በመሐል ሜዳ መንገድ የምትነዱ ሾፌሮች ታነቡታላችሁ። ለቀበሌው ሰው ጮክ ብላችሁ የምታነቡ አስተማሪዎችና ቄሶችም አላችሁ። እንግዲህ ከቅዳሴ በኋላ የሚነበብ ወረቀት ከተፈለገ፣ ማኅተም የለበትም እንጂ፣ ይኸው፦

የአያልነሽ አራት እርጉዝ በጎች ክትባት አልተወጉም። የጎረቤቶቿም እርጉዝ በጎች አልተወጉም። ከገና በፊት የሚሞት ግልገል ካለ የሚሞተው በበሽታው ነው። መርፌው ያልደረሳቸው እኔ ቃል ስለለወጥኩ ነው። በእጇ ምንም የለም።